ነጭ ወተት፣ ብርቱካን ወተት

እሙሽ ቤይሩት ዳር፣ ጅዴይዴ ሰፈር ወዳለችው ፀጉር ቤቴ ስትመጣ፣ ዝናብ ከጣለ ወሬዋ አንድ ነው፤ እንጉዳይ። ሰልችቶኛል ብል ግን እዋሻለሁ።

ቤይሩት በገባችበት ዓመት ማዳሟ ወደ ተራራው ይዛት ወጣች። ከጥዶቹ ሥር እንጉዳይ ለቅመው ሲመለሱ ማዳም፣ «የተበላሸውን ጣይና እጠቢ» ብላት ጋደም አለች። እሙሽ የዳሞት ልጅ ናት፤ እሷ የምታውቀው እንጉዳይ ነጭ ነው። ሲቆረጥ ብርቱካናማ ወተት የሚያወጣውን፣ የተነካበት ቦታ አረንጓዴ የሚሆነውን፣ ሻግቷል ብላ ሙልጭ አድርጋ ጣለችው። ራሷ የለቀመቻቸውን ሦስት ባለ ነጭ ወተት ግን በክብር አስቀመጠች።

ማዳም ስትነሳ አልተቆጣችም። ከቆሻሻው አንድ፣ ከነጮቹ አንድ አንስታ ጎን ለጎን ቆረጠቻቸው።

«ሹፊ፣ ተመልከቺ፤ እህትማማች ናቸው። ያኒ፣ ማለቴ፣ ባርኔጣቸው አንድ፣ ጥዳቸው አንድ። ይሄኛው ይበላል፤ ነጩ ሆድ ያቆስላል።»

ነጩን ምላሷ ላይ ስታስነካት ለበለባት።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት፣ በዓመት አንድ ቀን አብረው ወጡ። ማዳም ትመርጣለች፣ እሙሽ ቅርጫት ትይዛለች። «በዚያች ቀን ብቻ ሠራተኛ መሆኔን እረሳ ነበር» ትለኛለች።

አምና የማዳም ዓይን ደክሞ ነበር። እኔው ነኝ የምለቅመው ብላ በዳበሳ ለቀመች። ቤት ገብተው እሙሽ ስትቆርጣቸው ከግማሾቹ ነጭ ወተት ወጣ። ብትነግራት ያቺን አንድ ቀን ልትነጥቃት ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ልታሳምማት። ነጮቹን ደብቃ ጣለች፣ የቀሩትን በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ጠብሳ፣ ማነሱ እንዳይታወቅ ሁሉንም ለማዳም አቀረበች።

«ያንቺስ?»

«በልቻለሁ።»

ማዳም ሹካዋን አስቀመጠች። «ስንቱ ነጭ ነበር?»

እሙሽ መዋሸት አቃታት። «ግማሹ፣ ማዳም።»

ማዳም ሳህኑን ወደ መሀል ገፋችው። «ኸላስ፣ በቃ፣ ነይ ብዪ። ለከርሞ አንቺ ትመርጫለሽ፣ ቅርጫቱን እኔ እይዛለሁ።»

ከርሞን አላየችም፤ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ሞተች።

ትናንት ዘነበ። እሙሽ ዛሬ ጠዋት ብቻዋን ወጥታ፣ ጫማዋ ጭቃ እንደሆነ ከወንበሬ ላይ ተቀመጠች። በእጇ ምንም የለም።

«መለየቱ ጠፋብሽ እንዴ?» አልኳት ልቀልድባት።

«እሱስ አልጠፋኝም፣ እጅጉዬ። ዞር እያልኩ ቅርጫቱን ያዢልኝ እላለሁ፤ ማንም የለም» ብላ አለቀሰች።

እኔ እንጉዳይ አልወድም። እሑድ ግን ፀጉር ቤቴን ዘግቼ አብሬያት እወጣለሁ፤ ቅርጫቱን እይዝላታለሁ።