ከላይ የሚውለው ደብዳቤ

ወይዘሮ ዘነቡ በገብርኤል ማግስት ረፋድ ላይ፣ በደብረ ታቦር ቤታቸው፣ ልጆቻቸው ባሉበት ዐርፈዋል። ይህን ለሚያውቋቸው ሁሉ የምጽፈው እኔ፣ እሳቸው ይመሩት በነበረው መዝገብ ቤት የምሠራ ነኝ። ብዙ መናገር አልወድም። በቀብራቸው ዕለት የሰማሁት ንግግር ግን ዝም አላሰኘኝም።

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ የአበባ ጉንጉን አስይዘው መጡ። ከወረቀት ያነበቡት ንግግር ሟቿን «የመልካም አመራር ተምሳሌት» ይላል። እትዬ ዘነቡን ከኃላፊነት አውርደው ዕቃ ግምጃ ቤት ያስቀመጧቸው እኚሁ ሰው ናቸው። ለምን እንዳወረዷቸው ንግግሩ ውስጥ አልነበረም። እኔ እናገራለሁ።

እትዬ ዘነቡ ጠዋት ገብተው ወንበራቸው ላይ አይቀመጡም። ከዘበኛው ጀምረው እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ድረስ ይዞራሉ። «ሰው ሰላም ሳልል ወረቀት አልነካም» ይሉ ነበር። ነሐሴ ላይ ጣራው አፍስሶ ፋይሎቹን ውሃ በነካቸው ጊዜ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ኮሪደሩ ላይ ከእኛ ጋር ወረቀት ሲያሰጡ ዋሉ። የፋይል አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። «የኋላው ደብዳቤ፣ መጨረሻ የመጣው፣ ሁልጊዜ ከላይ ይውላል፤ ፋይሉን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ እሱን ያንብብ» ብለውኛል።

አንድ ጊዜ የአመራር ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ ሁለት ዓይነት አለቃ አለ አሉ፤ አንዱ ሠራተኛ በተፈጥሮው ሰነፍ ነው የሚል፣ ሌላው ሠራተኛ ካመኑት ይሠራል የሚል። እትዬ ዘነቡ እጃቸውን አወጡ።

«ሦስተኛም አለ፤ የሠራተኛውን ስም የማያውቅ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቁም።

ያን ጊዜ የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ። የወሊድ ፈቃዴን ጨርሼ ስመለስ ልጄ ጡጦ እምቢ አለች። እትዬ ዘነቡ ጎረቤቴ ረፋድ ላይ ሕፃኗን ይዛልኝ እንድትመጣ ፈቀዱ። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ሳጠባ፣ እሳቸው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠው ባለጉዳይ ያስተናግዳሉ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ድንገት ገቡ።

«ይህ መሥሪያ ቤት ነው ወይስ የሕፃናት ማቆያ?»

«መሥሪያ ቤት ነው። እሷም ሥራ ላይ ናት» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ማን ፈቀደላት?»

«እኔ። የቆመ ባለጉዳይ ካዩ ይንገሩኝ።»

የቆመ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ በሩን ሳይዘጉ ወጡ።

ጥቂት ቆይቶ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መጣ። ከየክፍሉ አንድ ሰው የግድ «ዝቅተኛ» ይሞላ የሚል ትእዛዝ ወረደ፤ ሁሉም ጥሩ ከሆነ ምዘናው አይታመንም ተባለ። «ዝቅተኛ» ያገኘ የኮንትራት ሠራተኛ ውሉ አይታደስም። ከእትዬ ዘነቡ ጋር ስድስት ነበርን። የማን ስም እንደተፈለገ ሁላችንም እናውቃለን። ቅጹን ሞልተው ጠሩንና አሳዩን። በ«ዝቅተኛ» ፊት የራሳቸውን ስም ጽፈዋል።

«እትዬ፣ ይህማ ያስቀጣዎታል» አልኳቸው።

«አንድ ሰው የግድ ይውደቅ አሉ፤ ምረጪ አሉኝ፤ መረጥኩ። አሁን ሂጂ፣ ልጅሽ ታለቅሳለች።»

በሳምንቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። «መመሪያ በመጣስ» ይላል። ከኃላፊነትም ተነሡ። ስብሰባ ተጠርቶ አስተያየት ያለው ሲባል፣ አምስታችንም መሬት መሬቱን አየን። ማስጠንቀቂያውን ከፋይላቸው ያስገባሁት፣ የገጽ ቁጥር የሰጠሁትም እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። ውሌ ታደሰ፤ ኋላም ቋሚ ሆንኩ። ያቺ ሕፃን ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። እትዬ ዘነቡ እስከ ጡረታቸው ግምጃ ቤት ቆዩ፤ ጠዋት ጠዋት ግን በራችን ላይ ቆመው ሰላም ሳይሉን አያልፉም ነበር። ያን ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ሰውን በቁሙ አዋርዶ በሬሳው ፊት ማመስገን ኃጢአት ነው። ለዚያ የሚገባው ንስሐ እንጂ ንግግር አይደለም። ማስጠንቀቂያው ዛሬም አልተነሣም። ከሠልስቱ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ እንዲነሣ ጠየቅሁ።

«የሞተ ሰው ፋይል ምን ያደርግልሻል?»

«በቀብር ላይ ያነበቡት እውነት ከሆነ፣ ያ ደብዳቤ ውሸት ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «አንቺ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ።

ስሜን እስካሁን አያውቁትም። ሥራዬን ግን ሠራሁ።

እትዬ ዘነቡ፣ ያን ቀን ዝም ስላልኩ ይቅር ይበሉኝ። ለዳቦዬና ለልጄ የከፈሉልኝን እግዚአብሔር ይክፈልዎ። የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፌ፣ ሙሉ ስሜን አስፍሬ ፈረምኩ። ከቀሩት አራት ባልደረቦቼ ሦስቱ አብረውኝ ፈረሙ። አንዷ ፈራች፤ አልፈርድባትም፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ደብዳቤውን በገቢ መዝገብ ላይ መዘገብኩት፤ ቁጥር ሰጠሁት፤ ማኅተም አረፈበት። ከዚያ በኋላ ማንም ቢሆን ከፋይል ሊያስቀረው አይችልም፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ፋይልዎ ያኔ ከጀርባው ልጄን ሳጠባ በነበረው መደርደሪያ ላይ ነው። ስምዎን በሕይወት መዝገብ የሚጽፍ አምላክ ያሳርፍዎ። በእኔ በኩል ያለውን እንዳሉኝ አድርጌዋለሁ፤ የኋላው ደብዳቤ ከላይ ውሏል።