ልጄ የቀብር ገንዘቧን የጠየቀችበት እሑድ

ልጄ እዚሁ አሶሳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ሕመሟ ሲጀምራት ማናችንም ሕመም አላልነውም። ደረጃ ስትወጣ ትደናቀፍ ነበር። ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ከፍ አድርጎ መጻፍ አቃታት። ከዚያ ጸጉሯን ማበጠር የእኔ ሥራ ሆነ። ጸበልም ሐኪም ቤትም ሄድን። አንዱ ደም ማነስ ነው አለ፣ ሌላው ሪህ፣ ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለ። ዓመታት በዚህ አለፉ።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለች አንዲት የነርቭ ሐኪም ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያመነምን፣ በዘር የሚመጣ በሽታ መሆኑን ነገረችን። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም። ይህን ለማወቅ ጥቂት ሐኪሞች ተሰባስበው ምርምር ጀምረዋል፤ በሽታው ካለባቸው ቤተሰቦች ደም እየወሰዱ ይመረምራሉ። ሥራው የሚሄደው ሰዎች በሚለግሱት ገንዘብ ነው። ልገሳው ሲደርቅ ይቆማል።

«ላንቺ መድኃኒት ይደርስልሻል ብዬ አልዋሽሽም» አለቻት ሐኪሟ ልጄን።

ልጄ አመስግናት ደሟን ሰጠች። ወደ አሶሳ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት ስታይ ዋለች። እኔም ምን እንደምታስብ አልጠየቅኳትም። እኛ ቤት ብዙ አይወራም። ስለዚህ ሐሳቧን የሰማሁት እንደ ማንኛውም ሰው እድር ላይ ነው።

እድራችን ድብልቅ ነው። እንደ እኔ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጣን አለን፤ የበርታ ሰዎች አሉ፤ ከባምባሲ የመጡ ኦሮሞዎችም አሉ። ሙስሊምም ይሙት ክርስቲያን ጡሩምባው አንድ ነው። የምንሰበሰበው በየወሩ አንድ እሑድ፣ በእድሩ ዳኛ ግቢ ማንጎ ሥር ነው። ልጄ ሥራ ከያዘች ጀምሮ በራሷ ስም አባል ናት። አባል ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀብሩም ገንዘብ ይሰጣል።

የዚያን እሑድ ስለ ወንበር ጥገና ተነጋግረን ልንበተን ስንል ልጄ ከተቀመጠችበት «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። ስለ ሕመሟና ስለ ምርምሩ ክፍል ውስጥ እንደምታስተምረው አድርጋ አስረዳች። ከዚያ «ስሞት የምትሰጡኝን ገንዘብ አሁን ስጡኝና ለምርምሩ ልላከው» አለች።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። የፈራሁት እምቢ እንዳይሏት አልነበረም። እንዳያዝኑላት ነው። ልጄ የምትጠላው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

መጀመሪያ የተናገሩት ገንዘብ ያዧ ናቸው።

«ደንቡ ለቀብር ይላል፤ ቀብሩ የታለ?»

«ቀብሩ መቼም አይቀርም፣ እትዬ። ምርምሩ ግን ገንዘብ ካጣ ይቀራል።»

«እንዲህ ያለ ነገር! ለራሷ ተዝካር የምትደግስ ልጅ አየን!» አለች ከኋላ አንዷ።

ጡሩምባ ነፊያችን ቀልድ ይወዳሉ። «ቆይ፣ ገንዘቡን ከወሰድሽ እኔስ? ልንፋ ወይስ አልንፋ?»

«ይንፉ እንጂ ጋሼ! እስከ ዛሬ ከነፉላቸው ሁሉ ተመልሶ ያመሰገነዎት አለ? እኔ አመሰግንዎታለሁ።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ዳኛው ቆጣ ብለው ጠየቋት፦

«ላንቺ የማይደርስ ከሆነ ለማን ነው ታዲያ?»

«አንድ ቀን እዚህ ከተማ እንደ እኔ የምትወድቅ ሕፃን ትኖራለች፣ አባባ። እናቷ እንደ እናቴ መድረሻ አጥታ ስትዞር ዓመታት እንዳያልፉ ነው። ያኔ ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ቀን የበሽታውን ስም ይንገራት።»

ስለ እኔ ሰው ፊት ስትናገር ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

ከአጠገቤ የነበሩት የበርታ ሽማግሌ ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ ዕቃ እያመጡ ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። አማርኛውን የተማሩት በገበያ ነው። እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ ልጅ አልሞተም» አሉ ወደ ልጄ እያመለከቱ። «ያልሞተ ሰው የሞተ ገንዘብ መስጠት፣ እኔ አልፈልግም። ሐራም ነው። ድንኳን ግን አለ። ብረት ድስት አለ። ሠርግ ሲመጣ ሰው ይከራያል። የኪራዩን ሰደቃ እናድርግ። ሰደቃ ሕያው ሰው ነው የሚበላው።»

ገንዘብ ያዧ የኪራዩ ገንዘብ ለአዲስ ድንኳን እንደታሰበ አስታወሱ። ጡሩምባ ነፊው «አሮጌው ድንኳን የሚያፈሰው ሟቹ ላይ አይደለም፤ እኛ ላይ ነው፤ እንችለዋለን» አሉ። ትንሽ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ዳኛው ፈረዱ፦

«ያንቺ ገንዘብ እንደ ማናችንም ተራውን ይጠብቃል። በዚህ ዓመት ከሠርግ ኪራይ የሚገኘው በእድሩ ስም ለምርምሩ ይላክ። የተስማማ ይቁም።»

በእድራችን ድምፅ የሚሰጠው በመቆም ነው፤ ድሮም እንዲሁ ነው። ዳኛው ከአፋቸው ካወጡት በኋላ ልጄን አይተው ደነገጡ። ሰዉ ግን መነሳት ጀምሮ ነበር። ልጄም ጀመረች። ስትነሳ መጀመሪያ ወደ ፊት ትጎነበሳለች፤ መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ትተክላለች፤ ከዚያ ጭኗን እየተደገፈች በራሷ ሰውነት ላይ እንደ መሰላል ትወጣለች። አጠገቧ የነበረችው ሴት ልትደግፋት ስትል በዓይኔ ከለከልኳት።

ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ከቆሙት አንድም ሰው አልተቀመጠም። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠበቋት፤ ገንዘብ ያዧም ቆመው ነበር። ልጄ ቀና ብላ ቀሚሷን ስታስተካክል ነው ዳኛው «ጸድቋል» ያሉት።

እኔ ብዙ ነገር በሕይወቴ አይቻለሁ። እንዲህ የኮራሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ወደ ቤት በባጃጅ ስንሄድ ልጄ አኩርፋ ነበር።

«የራሴን ገንዘብ እኮ ነው የከለከሉኝ፣ እማዬ።»

«ደግ አደረጉ» አልኳት።