ከሁሩታ በላይ የተቃጠሉ ችግኞች

ከናዝሬት የተነሣሁት በታኅሣሥ፣ የሁሩታ ገበያ በሚውልበት ቀን ማለዳ ነው። የምሠራው ችግኝ ጣቢያ ነው፤ በክረምቱ የተከላ ዘመቻ ተራራው ላይ የተተከሉትን የፈረንጅ ጥዶች ያፈላኋቸው እኔ ነኝ። የተከላው ጠባቂ ኦቦ ቃሲም «ችግኙ ተቃጥሏል» ብሎ ስለላከ አጣርቼ እንድመጣ ታዘዝኩ። አንጀቴ እርር ብሏል። እንደ ልጅ ያሳደግኳቸውን ማን እንዳቃጠላቸው ሳላውቅ አልመለስም ብዬ የይለፍ ወረቀቴን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አዋሽን ስንሻገር ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ያልባል። ዴራ ላይ በስሙኒ ፓስቲ በልቼ ሻይ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ግራሩ እየሳሳ ባሕር ዛፍና የስንዴ ክምር ይተካል። ሁሩታ ስደርስ የካኪ ኮቴ ሳሳብኝ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቢሮው በር ላይ ተቀበለኝ።

«ማን አቃጠለው ትላለህ፣ ጓድ?»

«እሳት በራሱ አይነሣም» አልኩ፣ ተራራውን በዓይኔ ሳላይ። «ጠባቂው የት ነበር? ይኼ አሻጥር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?»

ሊቀመንበሩ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠራ። ኦቦ ቃሲም ገብስ ሊሸጥ ገበያ ወርዶ ኖሮ፣ ከእህል ተራ አውጥተው ሲወስዱት ጀርባውን አየሁት። እኔ ጥብስ አዝዤ በላሁ፤ ጣፈጠኝም።

ተራራው ላይ

በማግስቱ በተከራየሁት በቅሎ ወጣሁ። መጀመሪያ የሐበሻ ጥድ፣ ቀጥሎ ኮሶ፣ ከዚያ በላይ አስታ ብቻ። ሸለቆ ውስጥ የተጠለለው አስታ ከቤት ይበልጣል፤ ነፋስ የሚገርፈው ግን ዕድሜው ገፍቶ እንኳ ከወገቤ አያልፍም። ብርዱ ዛፍ አያስረዝምም።

የኦቦ ቃሲም ቤት ስደርስ መሽቶ ነበር። ሚስቱ አደ ሙሚና ጩኮ በቅቤ አቀረበችልኝ፤ እንደሚታወቀው ይህ የገብስ ምግብ ለክብር እንግዳ ነው።

«ቃሲም ገበያ ወርዶ ቀረ። አላየኸውም?»

«አላየሁትም» አልኩ።

«እንግዲህ ዘመድ ጋ አድሯል። ይኼን ጋቢ ልበስ፣ የሱ ነው። እዚህ ናዝሬት አይደለም፣ ጓድ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ጋቢውን ለበስኩ። ጥፋተኛ ነው ብዬ ራሴን ባበረታም ጩኮውን ሳልጨርስ ተኛሁ።

ጎሕ ሲቀድ ወደ ተከላው ይዛኝ ሄደች። ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሷል፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ችግኞቼ ገላጣው ላይ ቡናማ ሆነው ቆመዋል፤ ግንዳቸው ደኅና፣ ቅጠላቸው ክው ብሎ የደረቀ። አመድ የለም፤ የጠቆረ ድንጋይ የለም።

«እሳቱ የት ጋ ነው የተነሣው?» አልኳት።

«የምን እሳት? ብርድ ነው ያቃጠለው! እናንተ ጋ ብርድ አያቃጥልም እንዴ?»

አያቃጥልም። እኛ ቆላ ተወልደን ተቃጠለ ሲሉን የሚታየን ነበልባል ነው። ደገኛ ግን ውርጭ የመታውን ሁሉ ተቃጠለ ይላል። በአስታ ሥር የተተከሉት ጥቂት ችግኞች አረንጓዴ ነበሩ፤ ጥላው ከውርጩ ጋርዷቸዋል። የቀሩትን እኔው ነኝ በናዝሬት ሙቀት፣ በየቀኑ ውኃ እያጠጣሁ አሞላቅቄ ለብርድ የላክኋቸው። ለሙሚና ምንም ሳልነግራት በቅሎዬን ቁልቁል ነዳሁ። ፊቴ እንደ ፍም ይግል ነበር።

ቁልቁለቱ

«ውርጭ ነው፤ ሰውዬው ምንም አላጠፋም» አልኩት ሊቀመንበሩን። ረዘም አድርጎ አየኝና ሄዶ ኦቦ ቃሲምን አመጣው። ከንፈሩ አብጧል፤ ባዶ ጆንያው ትከሻው ላይ ነው፤ ገብሱ የት እንደገባ አልጠየቅሁም።

«ይኼ ጓድ ነው ከናዝሬት መጥቶ ያስፈታህ» አለው ሊቀመንበሩ፣ እኔን እያየ። እውነቱን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ኦቦ ቃሲም ሁለት እጄን ያዘ። «ረቢ ይስጥህ። ቤቴ ገባህ? ሙሚና አበላችህ?»

«በደንብ አበላችኝ።»

«እንዲያ ነው! ረቢ ልጆችህን ያሳድግልህ። አንተ ባትመጣ ማን ያወጣኝ ነበር?»

ያስያዝኩህ እኔ ነኝ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አሜን አልኩ።

ናዝሬት የገባሁት ማታ ነው። በመሥሪያ ቤቴ፣ ለደጋ የሚላክ ችግኝ ደጋ ላይ እንዲፈላና በአስታ ጥላ ሥር እንዲተከል አስረዳሁ፤ ሁሉም ተስማሙ። አንድ ንጹሕ ሰው አስፈትቶ መጣ ተብሎም ተወራልኝ። ባለቤቴ ይህንኑ ሰምታ ለልጆቻችን ነገረቻቸው። ትንሿ ልጄ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠችና «አባባ፣ ሰውዬው ምን አለህ?» አለችኝ።

«መረቀሽ» አልኳት፤ ዓይኗን ግን ማየት አቃተኝ።