የማለልኝ ካርድ

ልጄ ኮምቦልቻ ቤታችን ታማ ተኝታ ሳለ የእጅ ጌም መጫወቻዋ ካርድ ተበላሸ። ካልተተካ መድኃኒት አልውጥም ብላ ጥርሷን ነከሰች። እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ብዙ ጌም የተጫነበት ካርድ ልገዛ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ወጣሁ።

ሻጩ ካርዱን በራሱ መጫወቻ ላይ ሰክቶ አሳየኝ፤ ሥዕሉ ይሯሯጣል። እኔ ምኑን አውቄው፤ በግ ስገዛ እንደለመድኩት «ወላሂ በል» አልኩት።

«ወላሂ ይሄ ካርድ ይሠራል፣ እናቴ።»

ልቤ ረጋ። ነቅሎ ሲጠቀልልልኝ እጁን እንኳ አላየሁም።

ቤት ስትሰካው ስክሪኑ ጨለመ። የማለበት ካርድ እሱው ዘንድ መቅረቱ ያኔ ገባኝ።

«ምሎልኝ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው መሐላውን አንቺ ዋጪው» አለችና መድኃኒቱን ከእጄ መትታ በተነችው።

ተንበርክኬ ክኒኑን ስለቅም ከአልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች።