ለነሐሱ ጥሩምባ የተሰጠ ግጥም

ጃዝ የሚጫወቱ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ የመጡት ጦርነቱ አልፎን ከሄደ በኋላ ነው። እኔ እንኳን ላየው ጃዝ የሚባለውን ስሙንም አላውቀውም ነበር። አልሄድም ብዬ ነበር። የሄድኩት ባለቤቴ «እኔ እሄዳለሁ» ስላለች ነው። ልጃችን ከቀረ ወዲህ ከገበያ በቀር የትም ልሂድ ብላ አታውቅም።

ልጁ አንድ ነው፣ ሌላ የለንም። ሐይቅ ላይ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ ባጃጁን በቅጠል አስጊጦ፣ ክላክሱን እያስጮኸ ከጓደኞቹ ጋር ከተማውን የዞረ ልጅ ነው። ጦርነቱ ከላይ ወደኛ ሲወርድ ደግሞ ባጃጁን ግቢ አቁሞ ከሚሊሻው ጋር ወደ ውጫሌ ወጣ። አልተመለሰም። ነገሩ ከበረደ በኋላ አብሮት የነበረ ልጅ መጥቶ «አምባሰል ተራራው ሥር ሲመታ አይቻለሁ» አለን።

«ቀበርከው?» አልኩት።

«አልቀበርኩትም አባባ፣ እየሸሸን ነበር።»

«እንግዲያው አልሞተም» ብዬ ሸኘሁት።

በኛ አገር ሰው ሞተ የሚባለው ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ደጅህ መጥተው መርዶውን ሲነግሩህ ነው። መርዶ ካልተነገረ ለቅሶ የለም፤ እናትም ብትሆን ድምፅ አውጥታ አታለቅስም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲመጡ አጥሩ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። «ምን ልትሉኝ እንደመጣችሁ አውቄዋለሁ። መቃብሩን ካላሳያችሁኝ አትግቡ» አልኳቸው። ተመለሱ። ሌላ ጊዜም መጡ፣ ያንኑ ብዬ መለስኳቸው። ሞተ ተብሎ ለቅሶው ላይ የደረሰ ሰው አላየንም እንዴ? በመጠበቄ አላጠፋሁም፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። ባለቤቴ ግን እንደ በረደ ምድጃ ሆነች። አንድ ቀን ብቻ «አንተ በሩን እስክትከፍት እኔ ምን አድርጌ ልኑር?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ልጁን አላነሳችውም።

ጨዋታው ሐይቁ ዳር፣ ሣሩ ላይ ነበር፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ። አራት ሆነው ነው የመጡት፤ ከበሮ የሚመታ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር የያዘ፣ ኪቦርድ የምትጫወት ሴት፣ እና ያን አንገቱ የተቆለመመ ትልቅ ጥሩምባ፣ ሳክስፎን የሚሉትን፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት። ሰው እንደ ሠርግ ነው የተሰበሰበው።

ጀመሩ። አንዱ ወዲህ ይሄዳል፣ ሌላው ወዲያ። ከጎኔ የተቀመጠው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ምላሱ ደግሞ ከመቀሱ ይብሳል።

«እነዚህ ልጆች ተጣልተዋል እንዴ?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ስማ፣ ሊታረቁ ነው» አልኩት።

«ወላሂ፣ እስኪታረቁስ ይመሻል።»

ከፊት ያሉት ሴቶች ሳቁ። ባለቤቴ አልሳቀችም፣ ጥሩምባውን ብቻ ታያለች።

ከዚያ ሌሎቹ ዝም አሉና ጥሩምባው ብቻውን ቀረ። ዝግ ብሎ፣ እየጎተተ ነፋው። ሰው ሁሉ ቀና አለ። አምባሰል ነው! ያንን ዜማ ከኛ ወስደው፣ ሌላ ልብስ አልብሰው ነው የመለሱልን፤ ግን ልጃችን ነው፣ አይጠፋንም። አምባሰል ሲነሳ ደግሞ የኛ ሰው ዝም ብሎ አይሰማም። «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው አንድ ቃል ሳያስቀር በዜማ ይመልስለታል። የተሰጠውን ሳይመልስ ቢቀር ነውር ነው። እዚህ ግን አዝማሪ የለም፣ ዘፋኝም የለም። ልብስ ሰፊው ይህን ዘንግቶት ብድግ አለ።

«ተቀበል!» ብሎ ጮኸ።

አንገተ ቆልማማ የነሐስ ጥሩምባ፣
በሆድህ ያለውን አውጣልኝ ሳትባባ!

ልጁ ደንግጦ መንፋቱን አቆመ። ያጠፋ መስሎት ኪቦርድ ወደምትጫወተው ዞረ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ተቀበል ተብለሃል እኮ! መልስለት እንጂ!» ይሉታል ከየአቅጣጫው። «በምን አፌ? ነሐስ ነው የያዝኩት!» አለ ልጁም እየሳቀ። ከዚያ ጥሩምባውን አነሳና ግጥሙን እንደሰማው፣ በቃሉ ልክ መለሰው። ቃል የለውም፣ ግን ሁላችንም ቃሉን ሰማነው። ጭብጨባው ተራራው ድረስ ተሰማ ብል አልዋሸሁም።

ጭብጨባው ሳያልቅ ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። ሰዉ በየተራ ጸጥ አለ።

«ተቀበለኝ ልጄ» አለችው።

የወደቀበትን ባላውቅም ሜዳውን፣
ከደጄ ላልቅስለት ልጄን አንድዬውን።

እንዲህ ብላ ቆመች። አላለቀሰችም። ሰዉ እሷን ትቶ እኔን ያይ ጀመር። መርዶውን ከአጥር መመለሴን የማያውቅ የለምና። እጇን ይዤ ወደ ቤት ልወስዳት እችል ነበር፤ አስቤውም ነበር። ሙዚቀኛው ልጅም ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ፣ ጥሩምባውን ደረቱ ላይ ያዘ። እሷን ያያል፣ እኔን ያያል። ባለቤቴ የጠየቀችው እሱን አልነበረም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት ካለሁበት። «ተሰጥቶሃል፣ መልስላት።»

ነፋው። «አንድዬውን» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ ሆን ብሎ ይሁን ትንፋሽ አጥሮት አላውቅም። ያን ጊዜ ባለቤቴ ጮኸች። ቁጭ ብላ፣ ሣሩን በእጇ እየመታች፣ ልጇን በስሙ ጠራችው። ልጅ የቀረባቸው ሌሎች እናቶችም አብረዋት ለቅሶ አነሱ። ጨዋታው በዚያው አለቀ፤ ይቀጥል ያለ ሰው አልነበረም።

ሙዚቀኞቹ ዕቃቸውን ሳያነሱ ወደኔ መጡ። ጥሩምባ ነፊው ፊቱ ጠቁሯል።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉን። ልናስደስታችሁ መጥተን ሐዘናችሁን ቀሰቀስነው።»

«የተኛ አልነበረምና አልቀሰቀሳችሁትም» አልኩት። «አብሽር። አንተ የተሰጠህን ነው የመለስከው።»

«ልጅዎ ግን... በእርግጥ ታውቋል?» አለች ኪቦርድ የምትጫወተው፣ ቀስ ብላ።

«እናቱ አውቃለች» አልኳት። ይህን ስል የሰማኝ ልብስ ሰፊው ነው። ያ ተረበኛ ሰው ተነስቶ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ።

ጎህ ሲቀድ መጡ። የአጥሩን በር ራሴ ከፈትኩ። የሚሉትን ሁሉ አሉኝ፣ እኔም ቆሜ ሰማኋቸው። ድንኳን ተተከለ። ቀኑ ጁምዓ ነበርና መስጊድ ሄጄ ሼኹን ለልጄ ሶላተል ጋኢብ ያሰግዱልኝ አልኳቸው፤ ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገደውን ማለቴ ነው። ይህን ጥያቄ ከኔ አፍ አይጠብቁም ነበር። ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ኢንሻአላህ» አሉኝ።

ሙዚቀኞቹ የዚያን ዕለት ሊመለሱ ነበር፣ አልሄዱም። ሴቲቱ ከባለቤቴ ጋር ድንኳን ውስጥ ዋለች። ጥሩምባ ነፊው ክርስቲያን ነው፤ መስጊዱ አጥር ጥግ ጫማችንን ሲጠብቅ ቆየ። ከበሮ የሚመታው ግን ሙስሊም ኖሯል፣ ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ከጎኔ ተሰለፈ። ከፊታችን ቃሬዛ የለም፣ ባዶ ምንጣፍ ነው ያለው። በዚያ ሶላት ጎንበስ ማለት የለም፣ ግንባር መሬት ማስነካትም የለም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመህ ነው። የከበሮው ልጅ ክንዱን ክንዴ ላይ ሲያስጠጋ ተሰማኝ፣ አልራቅኩትም። ሼኹ ሶላቱን ሊዘጉ ወደ ቀኝ ሲያሰላምቱ እኔም አሰላመትኩ። ለልጄ ሰገድኩለት።