ቶሎ ቤት በልቷል ወይ?

ዛሬ አመሻሽ ላይ ዲላ መናኸሪያ በር ላይ ልጄን ስጠብቅ፣ አጠገቤ አንዲት ሴት ድንች ትጠብስ ነበርና የትኩስ ዘይቱና የዳጣው ሽታ መጣብኝ። ልጄ ጠዋት በሞተር ከይርጋጨፌ ወዲያ ወዳለችው ኮንጋ ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም፣ ዝናቡም ከቀትር ጀምሮ አላባራም።

ሽታው የቶሎ ቤት ሽታ ነው። ልጅ ሳለሁ ዲላ፣ ወናጎና ይርጋጨፌ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንድ ዓይነት ቀይ በርና አንድ ዓይነት ቁጡ አስተናጋጅ ያላቸው ቶሎ ቤት የሚባሉ ሦስት ምግብ ቤቶች ነበሩ። የሚሸጡት እርጥብ ብቻ ነው፦ ዳቦው ተሰንጥቆ፣ ድንች ታጭቆበት፣ ዳጣ ተቀብቶ በወረቀት ይጠቀለላል። ለእኛ ለልጆች ከዚያ የበለጠ ሥልጣኔ አልነበረም።

አባቴ የቡና መኪና ሾፌር ነበር። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከይርጋጨፌ ወዲያ ካለው ከሬኮ ጭኖ ሲመለስ፣ መንገዱ ጭቃና ቁልቁለት ስለሆነ እናቴ ልቧ እንደተሰቀለ ነው የምትውለው፤ ስልክ ደግሞ በሰፈራችን የለም። ስለዚህ ሲመሻሽ ወደ ዲላው ቶሎ ቤት ትልከኛለች። የቤቱ ጠባሽ እትዬ ወርቄ ከይርጋጨፌ የሚገባውን የሚኒባስ ሾፌር ሁሉ ስለ መንገደኛው ይጠይቁ ነበርና፣ "አባትሽ ይርጋጨፌ በልቷል፣ ዳጣ ድገሙኝ ብሏል በያት" ይሉኛል። ሮጬ ስነግራት እናቴ ትተነፍስና ወጥ ትጥዳለች።

አንድ ቀን ግን አባቴ ዳጣው አነሰ ብሎ ከይርጋጨፌው አስተናጋጅ ጋር ተኳርፎ ሳይበላ አለፈ፤ ወናጎም አልቆመም። እትዬ ወርቄ "ዛሬስ አልበላም" ሲሉኝ እያለቀስኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። ወሬው ቤት ደርሶ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለጸሎት ተንበርክከው ሳለ አባቴ እያፏጨ ገባ። የዚያን ቀን የወረደበትን ቁጣ እሱ ነው የሚያውቀው! ከዚያ ወዲህ ጠግቦም ቢሆን ሳይበላ አላለፈም፤ ቦርጩም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን የይርጋጨፌው ቶሎ ቤት የስልክ መሸጫ ሆኗል፣ የወናጎው ፈርሷል፣ የዲላውንም ባለቤቱ ሲያርፉ ልጆቻቸው አከራዩት። ስልክ በየኪሳችን ሲገባ ስለ ሰው መንገደኛ መጠየቅ ቀረ፤ እኔም እሰይ፣ ተገላገልን ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ከኮንጋ እስከ ዲላ ባለው መንገድ ሁሉ ልጄን አይቶ "ደህና ነው፣ በልቷል" የሚለኝ አንድ ሰው አጣሁ፤ ፈራሁ።

ከይርጋጨፌ አንድ ሚኒባስ ሲገባ ሮጬ የሾፌሩን መስኮት ያዝኩ።

"ወንድሜ፣ በሞተር የሚመጣ ልጄን መንገድ ላይ አላየኸውም?"

"ማዘር፣ መንገዱ ላይ ሞተሩ ስንት ነው! ምን ለብሷል?" አለኝ፣ ሊረዳኝ ፈልጎ።

ጠዋት ከጓዳ ሆኜ "ስትደርስ ደውል" አልኩት እንጂ ሲወጣ አላየሁትም። ሾፌሩ መኪናውን አጥፍቶ መልሴን ይጠብቃል።

"የስልክ ቁጥሩን ልስጥህ?" አልኩት።