አፍ ከፍቶ መስማት

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ማዳመጥ ነበር። ጋሼ ተሾመ ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። መስማት ለቸገረው የጆሮ መሣሪያ፣ ለዘፋኝ ደግሞ በገዛ ጆሮው ልክ የሚሠራ ማዳመጫ ያሠሩ ነበር። ዘፋኙ መድረክ ላይ የራሱንና የባንዱን ድምፅ የሚሰማበት ነው፤ ባለሙያዎቹ «ኢን ኢር» ይሉታል።

ሁለት የማስሞከሪያ ማዳመጫ ሰጡኝና «የትኛው ይሻላል?» አሉኝ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት እኩዮቼ በሚዳሩበት ዕድሜ ስለሆነ፣ ማንኛውም ጥያቄ ፈተና ይመስለኛል። ደጋግሜ ሰማሁ።

«ሁለተኛው ይጠራል» አልኋቸው።

«ጎሽ! ሌላስ?»

«ክራሩም ቀረብ ይላል።»

«ጎበዝ። ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለተኛውን ትንሽ ከፍ አድርጌብሽ ነው።»

መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሁለት ማዳመጫ በድምፅ መለኪያ እኩል ሳላደርግ ለማንም አስሞክሬ አላውቅም። ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

«ሻጭ ከሆንሽ ውዱን ከፍ አድርጊው፤ ባለሙያ ከሆንሽ እኩል አድርጊያቸው» አሉኝ።

«እርስዎስ የትኛው ነዎት?»

«እንደ ቀኑ ነው» አሉ።

የጆሮ ልክ አወሳሰዱን ከሳቸው ተማርሁ። ጆሮው በባትሪ ይታያል። ክር የታሰረበት ትንሽ ስፖንጅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሲሊኮኑ፣ የጆሮውን ቅርጽ ይዞ የሚጠነክረው ሊጥ፣ በሲሪንጅ ይሞላል። ዘፋኝ ከሆነ በጥርሶቹ መካከል ማገጃ ነክሶ፣ ሲሊኮኑ እስኪጠነክር አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። አፍ ሲከፈት የጆሮ ቀዳዳ ቅርጹን ይለውጣል። አፍ ተዘግቶ የተወሰደ ልክ፣ ሲዘፈንበት ክፍተት ይፈጥራል፤ ቤዙም፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ በዚያ ሾልኮ ይወጣል። ዘፋኝ አፉን ከፍቶ ዝም የሚለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው። ማገጃውን ለቤትም ስጡን ያሉን የትዳር ጓደኞች ነበሩ።

ጋሼ ተሾመ ጡረታ ወጥተው ሱቁን ለእኔ ከተዉልኝ በኋላ ብርቄና ደሳለኝ መጡ። ብርቄ የሠርግ ዘፋኝ ናት። ባሏ ደሳለኝ ኪቦርድ ይጫወታል፤ የባንዱ አለቃ ነው፤ የቤቱም አለቃ እንደሆነ ያምናል።

ብርቄን ጆሮዋ ይጮህባት ነበር። መድረክ ላይ ከእግሯ ሥር የሚቀመጠው ስፒከር በየሠርጉ ሲያንባርቅባት ኖሯል። ሐኪሙ «ወይ ስፒከሩን ተይ፣ ወይ ዘፈኑን» ብሏታል። በሰው ጆሮ ልክ የተሠራ ዕቃ ደግሞ አይመለስም፣ ለሌላም አይሆንም። ልኩን ውጭ አገር ላሉት ሠሪዎች የሚያደርስልን መንገደኛ በማግስቱ ይሄዳል። ስለዚህ ካሉት ሁለት ሞዴሎች አንዱን ያን ዕለት መምረጥ ነበረባቸው።

መጀመሪያ የሞከረው ደሳለኝ ነው።

«ይሄ ነው! እንዴት ያለ ቤዝ ነው እትዬ ሙሉ፣ ሰፈር ያፈርሳል!»

«የምትገዙት ሰፈር ለማፍረስ ነው?» አልሁና ሁለቱን በመለኪያ እኩል አደረግሁ።

«ምን አደረጉት? ገደሉት እኮ!»

«አልገደልሁትም፤ ጩኸቱን ብቻ ነው የቀነስሁበት።»

ያም ሆኖ ከሱ አልተላቀቀም። ብርቄ አፏን ገጥማ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ሁለቱንም ሰማች። «እሱ ያለው ይሁን» አለች።

«እየዘፈንሽ ነው መስማት ያለብሽ።»

በዓይኗ ወደ መስኮቱ ጠቆመችኝ። ጎረቤት የለቅሶ ድንኳን ተጥሏል። «እዚህ ቁጭ ብዬ ሙሽራ ላወድስ?» አለች። እውነቷን ነበር።

ዕቃችንን ሸክፈን ወደ ሐይቁ ዳር ተነሣን። ለቀስተኛን ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነ ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ደሳለኝ ኪቦርዱን በነጠላ ሸፍኖ ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

«ምንድን ነው የያዝኸው ልጄ?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«የጆሮ ሕክምና ዕቃ ነው አባባ።»

«ይህን የሚያህል?»

ብርቄ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰች መስሏቸው ሁለት ሴቶች መጥተው አጽናኗት።

ሐይቁ ዳር ጀልባዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ማይክና ድምፅ ማደባለቂያውን ሚክሰር ዘረጋሁ፤ እሱም ኪቦርዱም በባትሪ ይሠራሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራት መጀመሪያ ደሳለኝ የወደደውን አደረግሁላት። «አፍሽን ከፍተሽ፤ ትከሻሽንም እንዳትቆጥቢ» አልኋት።

ደሳለኝ ኪቦርዱን ሲጫወትላት ጀመረች። እየቆየች ድምፅዋን ከፍ፣ አሁንም ከፍ አደረገች። የአንገቷ ሥር ተገተረ። በእጇ ድምፁን ጨምሩልኝ ስትለኝ አስቆምኋት።

«ለምን ትጮኺያለሽ?»

«ራሴን አልሰማማ! እሱን ብቻ ነው የምሰማው።»

«ይህስ ቤትም ያለ ነው» አለ ጀልባው ላይ ተጋድሞ የነበረ ባለ ጀልባ።

ደሳለኝ ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም። ድምፅ ጨምሩልኝ ካለች፣ ማዳመጫው ከስፒከሩ በምን ይሻላል? እንዲያውም ጩኸቱን ጆሮዋ ውስጥ ማስገባት ነው።

ሁለተኛውን አደረግሁላት። በዝግታ ገባች፤ ድምፅዋን ሳትገፋ ዜማው ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ እስክስታ ሲወርድ ማዳመጫው ከቦታው አልተነቃነቀም። ተራውን ለዋውጬ ደገምሁላት፤ ያንኑ መረጠች። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ።

ደሳለኝ ከጆሮዋ ወስዶ ለራሱ ሰካና ጥቂት ተጫወተ።

«ኪቦርዴ የት ሄደ?»

«አለ፤ ከኋላዬ» አለች።

«ባዶ ነው እኮ ብርቄ!»

«ለአንተ። የማደርገው እኔ ነኝ፤ የሚጮኸውም የእኔ ጆሮ ነው። ይህን ካላዘዝኸው ዘፋኝ ፈልግ።»

ደሳለኝ ማዳመጫውን በመሐረብ ጠርጎ መለሰላትና ወደ ኪቦርዱ ዞረ። «እሺ፤ ከመጀመሪያው እንጀምር» አለ። በዚህኛው ዙር ዝቅ አድርጎ ነው የተጫወተላት።

ወደ ሱቅ ተመልሰን ልኳን ወሰድሁ። ማገጃውን ነክሳ፣ ሁለቱም ጆሮዋ ተደፍኖ ስትቀመጥ፣ ደሳለኝ ስለ ቤዙ የቀረውን ክርክር በሙሉ ጨረሰ። አልሰማችውም።

ዕቃው መጣ። ከወራት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ አንድ ሠርግ ላይ አየኋት፤ ከእግሯ ሥር ስፒከር አልነበረም። የጆሮዋ ጩኸት ጨርሶ አልለቀቃትም፤ አልባሰባትምም። እየዘፈነች ነው። ደሳለኝም ያን ሰፈር አፍራሹን ለራሱ አሠራ፤ ለሱ በእርግጥ ይስማማዋል።

ማዳመጫ ልትገዙ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ሥራችሁን እየሠራችሁ ስሙ። ጆሮው ላይ የሚያደርገው ሰው ራሱ ይምረጥ።